መተማና ገላባት ሰዓታቸው የተለያየበት ቀን

ሱዳን በጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ወደፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ሆነች፤ ለ18 ዓመት ያህል መተማና ገላባት በአንድ ሰዓት ውለው አደሩ። በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ቁረይሻ ላለው ደንበኛችን 2 ነው፤ እነሱ ከእኩለ ቀን ይቆጥራሉ፣ አንድ ሰዓትም ወደኋላ ናቸው። ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክል ስልክ ደግሞ ድንበር ላይ የጎረቤት ኔትወርክ ከያዘ ይዘላል። እኛን የሚያዋጣን ጉግል ካላንደር ነው፤ ቀጠሮውን በካርቱም ወይም በአዲስ አበባ ሰዓት መዝግበን በኢሜይል ስንልክ፣ የሁለቱም ስልክ በየራሱ ሰዓት ያሳየዋል። ሰሊጥ የጫነ መኪና ኬላ ከተዘጋ በኋላ ቢደርስ የሚያድረው በነጋዴው ኪሳራ ነው።