የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፦ ከማገገም እስከ ዘላቂ ክትትል

የፊት ቀዶ ሕክምና ሲነሣ በከተማ የሚኖር አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው የፊት ቆዳን የሚወጥረውን የውበት ሕክምና ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር፣ ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው አካባቢ፣ ሕዝቡ በቅርብ የሚያውቀው ግን ሌላውን ነው፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የዓይን ቆብ ወደ ቦታው መልሶ ዓይንን ከመታወር የሚታደገውን ቀዶ ሕክምና። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ውጤቱ በቀዶ ሕክምናው ዕለት የማይጠናቀቅ መሆኑ ነው።

መንስኤው ትራኮማ፣ በተለምዶ አጠራሩ የዓይን ማዝ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን የውስጥ ገጽ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን የሚተወው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሽፋሽፍቱ የዓይን ብሌንን ይፍቃል። ይህ ደረጃ በሕክምናው ቋንቋ ትሪኪያሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከአዋቂዎች ከ100ው 5 ያህሉ ይህ ችግር ተገኝቶባቸዋል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ሕፃናትን የሚንከባከቡት እነርሱ በመሆናቸው ባክቴሪያው ደጋግሞ ያገኛቸዋል።

ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ሰመመን አይጠይቅም። ቆቡ በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ብዙውን ጊዜ ነርስ፣ ከቆቡ ጠርዝ ከፍ ብሎ በመቁረጥ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። ሥራው በጤና ጣቢያ ደረጃ ጭምር ስለሚሰጥ ታካሚው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁንና ዓይኑ ታሽጎ ስለሚወጣ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ረጅም መንገድ በእግሯ ብቻዋን ለመጣች እናት ሕክምናውን ለሌላ ቀን ለማስተላለፍ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ፋሻው በማግስቱ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ እንባና መጠነኛ ሕመም የሚጠበቁ ናቸው፤ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳሉ። ለሕመሙ እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ ይታዘዛል። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም ባለሙያው በወሰነው መጠንና ጊዜ ይቀባል። ከዚህ ጋር የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። በኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የተዋጠ አዚትሮማይሲን ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የመግባቱን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አመልክቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ለኋላ የሚቀመጥ ወይም ዓይኑን ለታመመ ሌላ የቤተሰብ አባል የሚተላለፍ አይደለም።

ስፌቱ የሐር ክር ከሆነ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ በባለሙያ ይወጣል። ራሱ የሚሟሟ ክር ደግሞ መውጣት አያስፈልገውም። በአማራ ክልል 1 ሺህ 300 ታካሚዎችን ያሳተፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በሁለቱ ክሮች ውጤት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ለመመለስ መንገዱ ለሚርቀው ታካሚ ይህ መልካም ዜና ነው። የሚሟሟው ክር ክትትሉን ግን አያስቀርም።

ስፌቱ እስኪወጣና ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ዓይንን ማሸት፣ ቆቡን በነጠላ ጫፍ መጥረግና የአገር መድኃኒት መጨመር ጉዳት አለው። ፊት መታጠብ አይከለከልም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃና ቁስሉን አለመንካት ነው። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም ቁስሉ እስኪጠግግ ቆቡን ከርጥበት እንዲጠብቁ ለባለሙያው አስቀድመው ቢያማክሩ ይመረጣል። ከሁሉ የሚከብደው ሥራውን ማቆም ነው። የምድጃ ጭስና የዐውድማ እብቅ ለቁስሉ አይስማሙም፤ በጤፍ መውቂያ ወቅት የታከመ ገበሬ ወይም ለቤተሰቡ እንጀራ የምትጋግር እናት ሁለት ሳምንት ማረፍ የሚችሉት ሌላ ሰው ሥራውን ሲረከብላቸው ብቻ ነው። የማገገሙ ምክር ለታካሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለመጣው ቤተሰብም መነገር ያለበት ስለዚህ ነው።

ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ መግል ከታየ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ቆቡ መከደን ካልቻለ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ በቆቡ ጠርዝ ወይም በውስጥ በኩል ቀይ ሥጋ መሰል እብጠት ሊወጣም ይችላል፤ አስፈሪ ቢመስልም ባለሙያ በቀላሉ ያስወግደዋል።

ታካሚዎች ከሕክምናው የሚጠብቁትም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ፍቂያውንና ሥቃዩን ያስቀራል፤ አንዳንዶችም እይታቸው በመጠኑ ይሻሻላል። በብሌኑ ላይ አስቀድሞ የተፈጠረውን ጠባሳ ግን አያጠፋም። ይህ ሳይነገራት የታከመች እናት “አልዳንኩም” ብላ ጎረቤቷንም ከሕክምናው ልታስቀር ትችላለች።

ዋናው ጥያቄ ግን ውጤቱ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። በአማራ ክልል በ1 ሺህ ታካሚዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተሰኘው መጽሔት የታተመው ጥናት ሁለት የአሠራር ዓይነቶችን አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቆቡን ከውስጥ ገጹ ብቻ በመቁረጥ ከታከሙት 13 በመቶ፣ ሙሉውን ቆብ በመቁረጥ ከታከሙት ደግሞ 22 በመቶ ገደማ ሽፋሽፍቱ ዳግም ዓይናቸውን ነክቷል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚከሰተው መመለስ በአብዛኛው ከአሠራሩና ከባለሙያው ክህሎት ጋር ይያያዛል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ጠባሳው መኮማተሩን በመቀጠሉ ነው። ከዚህ በመነሣት የዓለም ጤና ድርጅት ታካሚዎች በማግስቱ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜና ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ እንዲታዩ ይመክራል።

የመጨረሻው ቀጠሮ በቀላሉ ይዘለላል። በስድስተኛው ወር ታካሚው ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑም አያመውም፤ የሕክምና ዘመቻውም አካባቢውን ለቅቆ ሄዷል። ዘመቻዎች ስንት ሰው እንደታከመ ከሚቆጥሩት እኩል ስንቱ በስድስት ወሩ እንደታየ ቢቆጥሩ የሥራቸው ጥራት ይበልጥ ይታወቅ ነበር።

ሽፋሽፍቱ ሲመለስ ብዙ ሴቶች የሚያነሡት የቆየውን ወረንጦ ነው። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ ሲሆንና ብሌኑን ካልነካ ባለሙያም በጥሩ ወረንጦ መንቀልን ሊመክር ይችላል። የተሰበረ ፀጉር ግን ጉቶው ይበልጥ ይወጋል። ደግሞም በየሳምንቱ በቤት ውስጥ የሚነቅል ሰው ቆቡ ምን ያህል እንደተቀለበሰ የሚያይለት የለም። ዳግም መታከም የሚያሳፍር አይደለም፤ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ግን ልምድ ያለው ባለሙያ ስለሚያስፈልግ ታካሚው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሊላክ ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚቀረውም ሥራ የውጤቱ አካል ነው። ባክቴሪያው በልጆች ዓይን ላይ እስካለ ድረስ የእናቲቱ ቆብ እንደገና መቆጣቱ አይቀርም። አስተላላፊዋ ዝንብ በሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ስለምትራባ መጸዳጃ ቤት መኖሩ ለዓይንም መድኃኒት ነው። የልጆችን ፊት በየጠዋቱ ማጠብ፣ ፎጣን ለየብቻ መጠቀምና ለመላው ማኅበረሰብ አዚትሮማይሲን በሚታደልበት ቀን ሙሉ ቤተሰቡን ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። በጤና ተቋም የሚደረገው ምርመራም በታከመው ዓይን ብቻ አይወሰንም፤ ትራኮማ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለሚያጠቃ ያልታከመው ዓይን ሽፋሽፍትም በዚያው ቀጠሮ ይታያል።