የኮምፒዩተር ስክሪን ቅርጽ ከየት መጣ?

በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የኮምፒዩተር ስክሪን ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። በእርሱ ላይ የሚጻፈውና የሚነበበው ደብዳቤ፣ ሪፖርትና የሥራ ውል ግን ቁመቱ ከወርዱ በሚበልጥ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ነው። ይህ አለመጣጣም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የስክሪኑ ቅርጽ በአብዛኛው የተወሰነው ለአንባቢ ታስቦ ሳይሆን፣ ለሌላ አገልግሎት የተሠራ ዕቃ በርካሽ ይገኝ ስለነበረ ነው።

የ4 በ3 ቅርጽ ምንጩ ሲኒማ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ሲያዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ ምስል የአራት ቀዳዳ ቁመት መደበለት። ቴሌቪዥንም ይህንኑ ቅርጽ ወረሰ፤ በ1941 የወጣው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ደረጃ አጸናው። ኮምፒዩተር ስክሪን ባስፈለገው ጊዜ የቴሌቪዥን ቱቦ በየፋብሪካው ተዘጋጅቶ ነበር።

በ1973 የዜሮክስ ኩባንያ መሐንዲሶች በካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከላቸው ሌላ መንገድ ሞከሩ። አልቶ የተባለው ኮምፒዩተራቸው ስክሪን እንደ ወረቀት የቆመ ሆኖ፣ በወርዱ 606፣ በቁመቱ 808 ነጥቦች ነበሩት። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ምስሉ ብቻውን ከ61 ሺህ ባይት በላይ፣ ማለትም ከመሣሪያው 128 ኪሎባይት ሜሞሪ ግማሽ ያህሉን ይወስድ ነበር።

የሜሞሪ ውድነት የነጥቦቹንም ብዛት ወስኗል። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር የቀለም ካርድ የነበረው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ስለሆነ፣ በሁለት ቀለም ከ640 በ200 ነጥብ አላለፈም። ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 8 በ8 ነጥብ ነበር። ይህ ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ ሆሄያቱ በትንሽ ቅጥያ ለሚለያዩት ለግዕዝ ፊደል ግን እጅግ ጠባብ ነው። በ1987 የመጣው ባለ 640 በ480 ነጥብ ስክሪን ለፊደል 16 ነጥብ ቁመት በመፍቀዱ ችግሩ ቀለል አለ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው እንደገና ከቴሌቪዥን ነው። የ16 በ9 ቅርጽ በ1980ዎቹ የታሰበው ልዩ ልዩ የሲኒማና የቴሌቪዥን ቅርጾችን ለማስታረቅ ነበር። ከ2008 ገደማ ጀምሮ የኮምፒዩተር ስክሪን አምራቾችም ወደዚሁ ቅርጽ አዘነበሉ። 1920 በ1200 የነበረው ስክሪን 1920 በ1080 ሲሆን አንባቢው 120 መስመር አጣ።

ስክሪን የሚሸጠው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሚለካ ርዝመት በመሆኑ ጉድለቱ ለገዢ አይታየውም። ባለ 24 ኢንች ስክሪን በ4 በ3 ቅርጽ ቁመቱ 14.4 ኢንች ሲሆን፣ በ16 በ9 ቅርጽ 11.8 ኢንች ብቻ ነው። ስፋቱም 11 በመቶ ያህል ያንሳል።

እንደ 2014ቱ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ 3 ያሉ ባለ 3 በ2 ስክሪኖች መምጣታቸው፣ የአንባቢ ፍላጎት ፈጽሞ እንዳልተረሳ ያመለክታል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት የግዢ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ባለሙያ የኢንቹን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም። ቁመቱን፣ በአንድ ኢንች የሚያርፉትን ነጥቦች ብዛትና ስክሪኑ በእግሩ ላይ ዞሮ መቆም መቻሉን መጠየቅ ይገባዋል። ባለ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በኢንች 92 ነጥብ ገደማ አለው፤ ባለ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 የሆነው ደግሞ 109 ገደማ። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ሲያነብ ለሚውል ዓይን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።