ልብን በካቴተር መመርመር

ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ከክንድ ወይም ከብሽሽት የደም ሥር አስገብቶ እስከ ልብ በማድረስ ግፊትን የመለካት፥ የልብን ደም ቅዳዎች በራጅ የማየትና የጠበበውን የማስፋት የሕክምና ጥበብ ነው። ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አመጣጥ

በሕያው ሰው ላይ ይህን አስቀድሞ የደፈረው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ቅድምናው በብዙዎች ዘንድ የሚሰጠው ለጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን ሲሆን፥ እርሱም በ1929 በኤበርስቫልደ ከተማ ጀማሪ ሐኪም ሳለ፥ አለቃው ከልክሎት እያለ፥ የግራ ክንዱን ደም መልስ ከፍቶ ለሽንት መተላለፊያ የተሠራ ካቴተር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ካስገባ በኋላ፥ ቱቦው በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ደረጃ ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል በመሄድ ጫፉ ከቀኝ ልቡ መድረሱን በፎቶግራፍ አስመሰከረ። በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፥ አስቀድሞ አንድ ባልደረባው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብቶለት አደጋውን ፈርቶ እንዳቆመና እርሱ ከሳምንት በኋላ ለብቻው እንደ ፈጸመው ይናገራል፤ ዘግይቶ በጻፈው ግለ ታሪኩ ግን ነርስ ጌርዳ ዲትሰን ለሙከራው ራሷን እንዳቀረበች፥ እርሱም እርሷን ከጠረጴዛው ላይ አስሮ በገዛ ክንዱ እንደ ሠራው ይተርካል። ለድርጊቱ በጊዜ የቀረበው የ1929 ምስክርነት ይበልጥ የሚታመን ይመስላል፤ ሆኖም የተከለከለ ሰው በጊዜው ሁሉን አልገለጸም ይሆናል። የበርሊኑ ኤርንስት ኡንገር ደግሞ ባልደረባው ብላይሽሮደር እንደ ቀደመ ቢከራከርም፥ የራጅ ማስረጃ ስላልነበረ ክርክሩ አልጸናለትም።

እድገት

በኒው ዮርክ ኩርናንድና ሪቻርድስ ዘዴውን ለመደበኛ ምርመራ አበቁት፤ ከፎርስማን ጋር ሦስቱም በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ የልብን ደም ቅዳ በፊኛ አሰፋ።

ክሊኒካዊ ጥናት

ድንገተኛ የልብ ድካም ለያዘው ሕሙም የተዘጋውን ሥር ፈጥኖ መክፈት ሕይወት አዳኝ መሆኑ የጸና ነው። የረጋ የደረት ሕመም ባለባቸው ዘንድ ግን፥ በ2020 የታተመው «ኢስኬሚያ» የተባለው ጥናት 5179 ሕሙማንን መርምሮ፥ ካቴተርን ማስቀደም በመድኃኒት ከመጀመር ይልቅ ሞትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ ቀድሞ በ2017 «ኦርቢታ» የተባለው የብሪታንያ ጥናት፥ 200 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፥ ለከፊሎቹ ሥሩን ሲያሰፋ ለቀሩት ሕክምናውን በማስመሰል ብቻ አሳልፎ፥ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሁለቱ ወገኖች የእንቅስቃሴ ጽናት ላይ ጉልህ ልዩነት ሳያገኝ ቀረ፤ ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን በሚገባ ይወስዱ ነበር፤ በ2023 የወጣው ተከታዩ ጥናት ግን የደረት ሕመም መድኃኒት ባቋረጡት ዘንድ ሕመሙ በሥር ማስፋቱ እንደ ቀነሰ አሳይቷል።