ሥራ ፈላጊው ብርሃን

በቋንቋችን ማየት የተሳነው ሰው «የዓይን ብርሃኑን አጣ» ይባላል። አባባሉን ልብ ብለን ካየነው ብርሃን ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን በዓይን ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ንብረትም የሚገኝና የሚጠፋ ነገር ይመስላል። ሳይንስ በዚህ አይስማማም። ይሁንና የሌዘርን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር በብርሃንና በዓይን መካከል ያለው ዝምድና አበው እንደጠረጠሩት ጥብቅ መሆኑን እረዳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኃይል ያዘለ አቶም በአጠገቡ በሚያልፍ ብርሃን ተቀስቅሶ የዚያኑ አምሳያ ብርሃን ሊያወጣ እንደሚችል አስረዳ። ሐሳቡ ለአሥርተ ዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ በሚገኘው የሂዩዝ ምርምር ላቦራቶሪ፣ ጫፎቹ በብር የተለበጡ ትንሽ የሩቢ ዘንግ በብልጭታ መብራት ቀስቅሶ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ።

ብርሃኑ ሲወለድ ግን የሚጠብቀው ሥራ አልነበረም። ከሜይማን ረዳቶች አንዱ «ችግሩን ገና የሚፈልግ መፍትሔ» እያለ ይቀልድበት እንደነበር ይነገራል። ጋዜጦች በበኩላቸው የታያቸው ገዳይ ጨረር ነበር። ሰው አዲስ ኃይል ባገኘ ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ልቡ የሚመጣው ጦርነት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሆኖም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። በዲሴምበር 1961 ዶክተር ቻርለስ ካምቤል፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ-ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል፣ በአንድ ታካሚ ሬቲና ላይ የበቀለ ዕጢ በሩቢ ሌዘር አጠፋ። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ዓይን መቅደሙ አይደንቅም። ሌላውን ገላ ለማከም ቆዳ መቅደድ ያስፈልጋል፤ ዓይን ግን ብርሃን እስከ ውስጠኛው ክፍል እንዲዘልቅ ሆኖ የተፈጠረ መስኮት ነው። ሐኪሙ በር አልሰበረም፤ በተከፈተ ደጅ ገባ።

ከሁሉ የሚማርከኝ ምዕራፍ የ1981ዱ ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ቶማስ ጄ. ዋትሰን የምርምር ማዕከል፣ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዊንና ሳሙኤል ብለም የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር በሆነ የማይታይ የአልትራቫዮሌት ሌዘር ይሠሩ ነበር። አሜሪካውያን የምስጋና ቀን ባከበሩ ማግስት፣ ስሪኒቫሳን ከበዓሉ ማዕድ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ወደ ላቦራቶሪው ይዞ መጣ። ሌዘሩ ሲያርፍበት ሥጋው አልተቃጠለም፣ አልጠቆረምም፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ጉድጓድ ብቻ ተፈጠረ። በሌላ ዓይነት ሌዘር ሲሞክሩት ግን አረረ።

ልዩነቱ ከብርሃኑ ጠባይ የመጣ ነበር። የ193 ናኖሜትር ጨረር የሞለኪውሎችን ትስስር የመበጠስ አቅም ስላለው፣ ያረፈበትን ስስ ሽፋን ብቻ ያተነዋል፤ ሙቀቱም ወደ ጎረቤት ሥጋ ለመዝመት ጊዜ አያገኝም። ተመራማሪዎቹ በኋላ በአንዲት የሰው ፀጉር ላይ እኩል የሆኑ ጥርሶችን ቀርጸው ፎቶግራፉን ለዓለም አሳዩ። በ1983 የኮሎምቢያው የዓይን ሐኪም ስቲቨን ትሮከል ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ ይኸው ብርሃን ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ብሌን የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ እንዴት እንደሚቀርጽ አሳየ። ኮርኒያ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ አንድ ምት የሚያነሳው የአንድ ሚሊሜትር አራት ሺህኛ ገደማ ነው። በ1995 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን ፈቀደ።

ኢንዱስትሪውም ከዚሁ ምንጭ ጠጥቷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የኮምፒዩተር ቺፖች ረቂቅ መስመሮች በሲሊከን ላይ የሚነደፉት በአብዛኛው በዚሁ በ193 ናኖሜትር ብርሃን ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት መሣሪያና መነጽራቸውን ያወለቁ ሰዎች ዓይን፣ ሁለቱም የአንድ ብርሃን እጅ አርፎባቸው ይሆናል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። ይህ ሌዘር የኮርኒያን ቅርጽ ያርማል እንጂ ፈጽሞ የጠፋን ብርሃን አይመልስም። ዋጋውም ከብዙ ድሃ አቅም በላይ ነው። ሥራውን ያገኘ ብርሃን ወደ ሁሉም ደጅ ገና አልደረሰም፤ ይህ ጉድለት ግን የእኛ የሰዎች እንጂ የጨረሩ አይደለም።

አንዳንዶች የተርኪውን ታሪክ ሰምተው «ዕድል ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዚያ ሳምንት ከማዕድ የተረፈ ሥጋ በአሜሪካ ቤት ሁሉ ነበር። ዕድሉ የሁሉም ነበር፤ ጥያቄው ግን የሦስት ሰዎች ብቻ። ከዚያም በፊት፣ ጥቅሙ ያልታወቀ ብርሃን ለማብራት የደፈረ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ጥያቄው ራሱ ባልተጠየቀ ነበር። «ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ለግጥምም፣ ለፍልስፍናም፣ ለሩቢ ዘንግም እኩል ይቀርባል። አንዳንዴ እውነተኛው መልስ «ገና አላወቅንም፤ ግን ይብራ» የሚል ነው።