ፈቃድ የሰጠው ማነው? በትራንስጀንደር ወጣቶች ሕይወት ላይ የሚደረግ ጥናትና የናሙናው ጥያቄ

ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ ማንነት እንዳላቸው ስለሚናገሩ ልጆችና ወጣቶች የሚወጣ ማንኛውም የጥናት ውጤት ሲነበብ አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ እንዲሳተፉ የፈቀደላቸው ማነው? ተሳታፊው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሲሆን የምርምር ሥነ ምግባር ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ የወላጅን ፊርማ ይጠይቃሉ። ደንቡ የወጣው ልጆችን ለመጠበቅ ስለሆነ ዓላማው አያከራክርም። ይሁን እንጂ ማንነቱን ከቤተሰቡ የሸሸገ ልጅ ፊርማውን ለማግኘት አስቀድሞ ምስጢሩን ማውጣት ይኖርበታል። ቢያወጣው ከቤት ሊባረር የሚችለው ልጅ ዝም ይላል፤ ከመረጃውም ይጎድላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲና ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የክትትል ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ከ300 በላይ ልጆችን ለዓመታት ይከታተላል። ልጆቹ ጥናቱን ሲቀላቀሉ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 12 ዓመት ነበር፤ በቤተሰባቸው ድጋፍም በሚሰማቸው ጾታ መኖር ጀምረው ነበር። በ2016 የታተመው ጽሑፍ በ73ቱ ላይ የታየው የድብርት መጠን ከእኩዮቻቸው እንደማይበልጥ፣ ጭንቀታቸው ግን በመጠኑ ከፍ እንደሚል አሳየ። በ2022 ደግሞ ከ317ቱ ልጆች 94 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም ራሳቸውን ትራንስጀንደር ብለው እንደሚገልጹ ተዘገበ። ጠንካራ ሥራ ነው። የሚነግረን ግን ወላጅ ስለተቀበላቸው ልጆች ብቻ ነው።

በአንጻሩ በ2012 በኒውዚላንድ 8,166 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይሰጡ በታብሌት ለቀረበላቸው መጠይቅ መልስ ሰጡ። 1.2 በመቶው ትራንስጀንደር ነን አሉ፤ 2.5 በመቶው እርግጠኛ እንዳልሆኑ ገለጹ። ትራንስጀንደር ነን ካሉት 41 በመቶ ያህሉ ከባድ የድብርት ምልክት ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ ተማሪዎች ግን 12 በመቶ ገደማው ብቻ። ዕድሜው፣ አገሩና መለኪያው ስለሚለያይ ሁለቱን ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ልዩነቱን ያመጣው የቤተሰብ ፍቅር ነው» ማለት ስሕተት ይሆናል። ለጥያቄው ይበልጥ የሚቀርበው ተመራማሪው ስቲቨን ራስልና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነው። በሦስት የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ከ15 እስከ 21 ዓመት የሆናቸውን 129 ትራንስጀንደር ወጣቶች በመረጡት ስም የት የት እንደሚጠሩ ጠየቁ፦ በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሥራ፣ በጓደኞች መካከል። ቦታዎቹ በበዙ ቁጥር ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ትስስር ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ግን ቸል ሊባል አይገባም።

ፈቃድ የወላጅ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ በሐኪሟ ሂላሪ ካስ የተመራውና በሚያዝያ 2024 የተጠናቀቀው፣ ለልጆችና ለወጣቶች የሚሰጠውን የጾታ ማንነት አገልግሎት የመረመረው ግምገማ 9,000 ያህል የቀድሞ ታካሚዎች በኋላ እንዴት እንደሆኑ ከሕክምና መዛግብት ለማጥናት አቅዶ ነበር። አብዛኞቹ የአዋቂዎች ክሊኒኮች ባለመተባበራቸው ዕቅዱ በግምገማው ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ። የማስረጃውን ድክመት በገለጸው በዚያው ግምገማ ውስጥ ማስረጃ የሚገኝበት አንድ ዋና መንገድ ተዘጋ።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የወላጅ ስምምነት ልጁን የማይጠብቅ ሲሆን፣ ሌላ መጠበቂያ ተተክቶ እንዲታለፍ ይፈቅዳል። በቃለ መጠይቅ ለሚሠሩ ጥናቶች ይህ በር ይበልጥ ሊከፈት ይገባል እላለሁ፤ ከተመራማሪው ጥቅም ነጻ የሆነ አንድ አዋቂ ከልጁ ጎን ይቁም። ልጁ የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ከሆነችም ስሙን መቀየር አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱና የቤተሰቡ ሁኔታም መሸፈን አለባቸው፤ ቃሉም ከመታተሙ በፊት ለእርሱ ይነበብለት።