ዳክተስ አርቴሪዮሰስ፦ የአራስ ልብ መተላለፊያና የመዘጋቱ ዘረመል

ዳክተስ አርቴሪዮሰስ የፅንስን የሳንባ ደም ቅዳ ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚነሳው ዋና ደም ቅዳ ጋር የሚያገናኝ አጭር የደም ሥር ነው። ፅንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጅ ስለሆነና ሳንባውም ገና አየር ስላልገባበት፣ ከቀኙ የልብ ክፍል የሚወጣው ደም አብዛኛው ሳንባን ትቶ በዚህ መተላለፊያ ወደ ቀሪው አካል ይሄዳል። ወሩን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ላይ መተላለፊያው ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ይጠብና ደም ማሳለፍ ያቆማል፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ወደ ጅማትነት ይለወጣል። ሳይዘጋ ሲቀር ክፍት ዳክተስ ይባላል። ያኔ ደም ከአኦርታ ወደ ሳንባ እየተመለሰ ሳንባውን ያጨናንቃል፣ የግራውን ልብ ያደክማል። ወራቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ ሕፃናት በ2,000 አንድ ገደማ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል ይታያል።

ዳክተሱን የሚዘጋው በግድግዳው ውስጥ ያለው ለስላሳ ጡንቻ ነው። በማህፀን ሳለ ጡንቻውን አላልቶ የሚያቆየው በአብዛኛው ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ኢፒ4 በተባለ ተቀባይ ፕሮቲን በኩል ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ምንጩ ይነጥፋል፤ አሁን ብዙ ደም የሚያልፍበት ሳንባም የቀረውን ፕሮስታግላንዲን ሰብሮ ያስወግዳል። በዚያው ሰዓት የመጀመሪያዎቹ እስትንፋሶች የደሙን ኦክስጅን ከፍ ያደርጋሉ። ኦክስጅኑ በጡንቻው ሴል ሽፋን ላይ ያሉትን የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋል፣ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። የሳንባ ደም ቅዳዎች ለዚሁ ኦክስጅን የሚሰጡት ምላሽ ተቃራኒ ነው፤ ዳክተሱ ሲኮማተር እነርሱ ይሰፋሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሥሮች ለአንድ ምልክት እንዲህ የተለያየ መልስ የሚሰጡት በውስጣቸው የሚሠሩት ዘረመሎች ስለሚለያዩ ነው።

የዚህ ሥርዓት ውስብስብነት በግልጽ የታየው በ1997 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። ኢፒ4 ዳክተሱን የሚያላላ ከሆነ፣ የኢፒ4 ዘረመል የሌላቸው አይጦች ዳክተስ ቀድሞ መዘጋት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ዳክተሳቸው እንደተከፈተ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ሞቱ። ኋላ እንደታወቀው ይኸው ተቀባይ በፅንስነት ጊዜ የሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ እንዲወፍር ያደርጋል። ያ ውፍረት ከሌለ ጡንቻው ቢኮማተርም ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አይደፈንም።

በሰዎች ላይ በግልጽ የታወቀው የመጀመሪያው የዘር መንስኤ የቻር ሲንድረም ነው። በ1978 የተገለጸው ይህ ሕመም ክፍት ዳክተስን፣ ለየት ያለ የፊት ቅርጽንና የትንሿን ጣት ጉድለት አንድ ላይ ያመጣል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሊወረስ ይችላል። በ2000 መንስኤው ቲኤፍኤፒ2ቢ የተባለው ዘረመል መሆኑ ታወቀ። ይህ ዘረመል ሌሎች ዘረመሎችን የሚያዝ ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን፣ የዳክተሱ ጡንቻ በወጉ እንዲበስል ያስፈልጋል።

ለሐኪም ይበልጥ የሚያሳስቡት ግን የጡንቻው የራሱ መኮማተሪያ ዘረመሎች ናቸው። ኤምዋይኤች11 የለስላሳ ጡንቻን ማዮሲን፣ ኤሲቲኤ2 ደግሞ አክቲኑን ይሠራሉ፤ ሁለቱም ጡንቻው የሚኮማተርባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። በ2006 የኤምዋይኤች11 ለውጥ በሁለት ቤተሰቦች ውስጥ ክፍት ዳክተስንና የደረት አኦርታ መለጠጥን እንደሚያስከትል ተረጋገጠ። በኤሲቲኤ2 ፕሮቲን 179ኛ ቦታ ላይ የሚደርስ ለውጥ ከዚህም የከፋ ነው፤ ሕፃኑ ከክፍት ዳክተስ ጋር ለብርሃን የማይጠብ የዓይን ብሌን፣ ደካማ ፊኛና የአንጎል ደም ሥሮች ጉዳት ይኖረዋል። ለስላሳ ጡንቻ ባለበት ሁሉ ችግሩ አለ ማለት ነው። ካንቱ ሲንድረም በተባለው ሕመም ደግሞ ኤቢሲሲ9 የተባለው ዘረመል ሲለወጥ የፖታሲየም መተላለፊያዎቹ ከልክ በላይ ይከፈታሉ፤ ጡንቻውም እንደላላ ይቀራል።

አብዛኛው ክፍት ዳክተስ ግን በአንድ ዘረመል አይገለጽም። ያለ ወራቸው የሚወለዱት ላይ ዋናው ምክንያት ጡንቻው አለመብሰሉና ለፕሮስታግላንዲን ያለው ስሜት ገና አለመብረዱ ነው። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሩቤላ ከያዛትም ሊከሰት ይችላል። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ፣ አየሩ ኦክስጅን በሚያንስበት፣ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በብዛት ይታያል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ የቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ በ1938 በቦስተን የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅን ዳክተስ በቀዶ ሕክምና ቋጠረ። ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት የሚያግደው ኢንዶሜታሲን ያለ ወራቸው ለተወለዱ ሕፃናት መዋል የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ፕሮስታግላንዲን ኢ1 ለተቃራኒው ዓላማ ገባ፤ አንዳንድ የልብ ጉድለት ያለባቸው አራሶች ሕይወታቸው በክፍት ዳክተስ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና እስኪደረግላቸው ድረስ መድኃኒቱ ሥሩን ከፍቶ ያቆያል። በአብዛኛው ሕፃን ላይ ሥሩ ከተዘጋ በሽታው አበቃ። የኤምዋይኤች11 ወይም የኤሲቲኤ2 ለውጥ ያለባቸው ግን ከዚያም በኋላ አኦርታቸው በየጊዜው በምስል መታየት አለበት፤ ለውጡን የተሸከሙ ወላጆችና ወንድም እህቶችም እንዲሁ።