የኩፋሌ ዓመት

በልጅነቴ መጽሐፈ ኩፋሌን ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። መጽሐፉ የዓመቱን ቀን 364 አድርጋችሁ ጠብቁ ብሎ ያዝዛል። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግን 365 ይላል፤ በየ4 ዓመቱም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የሰፈራችንን መሪጌታ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ መጽሐፉን ጨርሰህ ና» አሉኝ። ጨርሼ ስመለስ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደገ።

ኩፋሌ ከዘፍጥረት አንሥቶ እስራኤል ከግብፅ እስከወጡበት ያለውን ታሪክ በራሱ መንገድ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አንድ አይሁዳዊ በዕብራይስጥ ጻፈው። ዕብራይስጡ ጠፋ፤ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ሙሉ ሆኖ ቀረ። ታዲያ ሁለት ጊዜ የተተረጎመ መጽሐፍ ምን ያህል ይታመናል? ይህ የብዙ ተመራማሪዎች ጥርጣሬ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታዊ ጥቅልሎች ተገኙ። በመካከላቸው ከ10 የሚበልጡ የዕብራይስጥ ኩፋሌ ቅጂዎች ቁርጥራጭ ነበረ። ጄምስ ቫንደርካም የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ቁርጥራጮቹን ከግዕዙ ጋር ቃል በቃል ሲያስተያይ፣ ግዕዙ ዕብራይስጡን በሚያስደንቅ ታማኝነት እንደጠበቀ አሳየ። ስማቸውን እንኳ የማናውቅ ጸሐፍት ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው የደከሙት ድካም ከንቱ አልነበረም።

የልጅነት ጥያቄዬም የተፈታው ከዚያው ዋሻ በወጣ ሌላ ጽሑፍ ነው። 364 ለ7 ሲካፈል ልክ 52 ሳምንት ይሆናል፤ ትርፍ ቀን የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ በዓል በየዓመቱ በአንድ የሳምንት ቀን ይውላል። ኩፋሌ ጨረቃን እያዩ የሚቆጥሩ ሰዎች በዓላቱን ያፋልሳሉ ብሎ የሚያስጠነቅቀውም ለዚህ ነው። በቁምራን ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። በዚያ የተገኘው የትንቢተ ዕንባቆም ትርጓሜ፣ «ክፉው ካህን» የተባለው ሰው «የጽድቅ መምህር» የተባለውን በስርየት ቀን ተከታትሎ እንደሄደበት ይናገራል። ሼማርያሁ ታልሞን እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ ካህን በዚያ በታላቁ የጾም ቀን እንዴት ጠላት ፍለጋ ይጓዛል? መልሱ፣ ቀኑ የመምህሩ ጾም እንጂ የካህኑ አልነበረም የሚል ነው። የአንዱ ቅዱስ ቀን ለሌላው ተራ ቀን ነበር። አንድ ቁጥር ወንድማማቾችን ለያየ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኩፋሌን ከ81 ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ትቀበላለች፤ ዓመቷ ግን 365 ቀን ነው። ቤተ እስራኤልም መጽሐፉን ያከብራሉ፤ በዓላታቸውን በቆየው ልማዳቸው የሚቆጥሩት ግን በጨረቃ ወራት ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በቁምራን ለመለያየት ምክንያት ሲሆን፣ እዚህ በክብር እየተነበበ ቆጠራው በሌላ መንገድ ሄደ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። «ዓለም የጣለውን መጽሐፍ እኛ ጠበቅን» ማለት እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል። መጠበቅ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ዛሬም አንዱ አንድ ጥቅስ ነጥሎ «ተጽፏል» ሲል ጎረቤቱን ሊያወግዝበት ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ፣ ቃሉን ከእኛ በፊት እነማን አነበቡት፣ እንዴትስ ኖሩበት ብዬ እጠይቃለሁ። መሪጌታ «ጨርሰህ ና» ሲሉኝ ይህን ማለታቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ግን መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም።